የ18ኛው ጎዳና ግድግዳዎች

ቺካጎ ውስጥ ሮዝ መስመር በሚባለው ባቡር ተሳፍሮ 18ኛው ጎዳና ጣቢያ ላይ የወረደ ሰው፣ ገና መንገድ ላይ ሳይወጣ ሥዕል ይቀበለዋል። የደረጃው እርከንና የመተላለፊያው ግድግዳ ሳይቀሩ በቀለም ተሸፍነዋል፤ ሥራውን በ1990ዎቹ የጀመረው ሠዓሊና መምህር ፍራንሲስኮ ሜንዶዛ ከወጣት ተማሪዎች ጋር ሆኖ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ እዚያ ጣቢያ መጀመሪያ የወረድሁት በአንድ የኖቬምበር ቅዳሜ ሲሆን፣ አብራኝ የምትሠራ ሜክሲኳዊት ጓደኛዬ «ሙታናችንን እንዴት እንደምንቀበል ማየት ከፈለግሽ ከእኔ ጋር ነዪ» ብላ ጋብዛኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ፒልሰን ወደሚባለው ወደዚህ ሰፈር ሳልሄድ ያለፈ ዓመት የለም።

ስለ ላቲኖዎች፣ ማለትም የዘር ሐረጋቸው ከላቲን አሜሪካ ስለሚመዘዝ ሰዎች፣ ጥበብና በዓል ሲወራ ቀድሞ የሚነሣው ቀለሙ፣ ሙዚቃውና ምግቡ ነው። እነዚህን አልንቅም፤ ማሪያቺ የሚባለው የሜክሲኮ ባህላዊ ሙዚቃ መለከት ከሩቅ ሲሰማ እግሬ ወደዚያው ይወስደኛል። ይሁን እንጂ ከዓመት ዓመት እየተመላለስሁ ሳይ፣ ስጠይቅና ሳዳምጥ፣ በዚህ ሰፈር ከሚከበሩት ትልልቅ በዓላት ብዙዎቹ ከአንድ ከባድ ጥያቄ የተወለዱ መሆናቸውን ተረዳሁ። አንዱ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት በመጥፋቱ፣ ሌላው በእሳት በተቃጠሉ ሕፃናት ኀዘን የተጀመረ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ተወልደው ያደጉበትን ሰፈር ለቅቀው የወጡ ሰዎች ናፍቆት ተጨምሮበታል። ይህን ሳያውቅ የሚመጣ እንግዳ በዓሉን አይቶ ሰዎቹን ሳያይ ይመለሳል የሚል ስጋት ስላለኝ ነው ብዕር ያነሣሁት።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቦሄሚያ የመጡ ቼኮች ሰፍረውበት በአገራቸው ባለችው በፕልዜን ከተማ ስም ጠሩት፤ በ1892 የተሠራው ታሊያ አዳራሽም እስከ ዛሬ በጎዳናው ላይ ቆሞ የእነርሱን ዘመን ይመሰክራል። ሜክሲካውያን በብዛት የገቡት በኋላ፣ በተለይም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከመሐል ከተማው በስተ ምዕራብ ይኖሩበት የነበረው ሰፈር ለኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ግቢ እንዲሆን ሲፈርስ፣ ብዙ ቤተሰቦች ዕቃቸውን ጠቅልለው ጥቂት ወደ ደቡብ ወረዱና ፒልሰን ገቡ። ዩኒቨርሲቲው በ1965 ተከፈተ። ስለዚህ የሰፈሩ ሜክሲካውያን ታሪክ ከጅምሩ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ታሪክ ነው፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንባቢ ይህን ነገር ልብ ቢልልኝ እወዳለሁ።

ግድግዳ ላይ መሳልን ሜክሲካውያን የወረሱት ከአገራቸው ነው። በ1910 ከተነሣው አብዮት በኋላ፣ በ1920ዎቹ የሜክሲኮ መንግሥት ዲዬጎ ሪቬራን፣ ሆሴ ክሌሜንቴ ኦሮስኮንና ዴቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስን የመሳሰሉ ሠዓሊዎችን ጠርቶ የሕዝብ ሕንፃዎችን ግድግዳ ሰጣቸው፤ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ታሪኩን በሥዕል እንዲያይ ታስቦ ነበር። ቺካጎ ላይ ይህ ውርስ ከሌላ ምንጭ ጋር ተገናኘ። በ1967 በከተማው ደቡብ ክፍል ጥቁር አሜሪካውያን ሠዓሊዎች «የክብር ግድግዳ» ብለው የሰየሙትን ሥዕል በአንድ አሮጌ ሕንፃ ጎን ላይ ሠሩ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1968 ማሪዮ ካስቲዮ ከወጣቶች ጋር ሆኖ በፒልሰን አንድ ግድግዳ ቀባ፤ ይህም በአሜሪካ በሜክሲካውያን ትውልድ ሠዓሊዎች ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውጭ ግድግዳ ሥዕሎች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ግድግዳ ተሸጦ ወደ ሳሎን አይገባም፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል፤ ወደ ሥራ የሚሮጠው ሰው እንኳ ሳይከፍልና ፈቃድ ሳይጠይቅ ይመለከተዋል። ቤት ለሌለው ሠዓሊና ሙዚየም ላልተሠራለት ሰፈር ከዚህ የተሻለ ሸራ ከየት ይገኛል?

ዛሬ በ16ኛው ጎዳና የባቡር ሐዲዱን ተሸክሞ የሚሄደው የኮንክሪት ግንብ ብዙ ምዕራፍ እንዳለው መጽሐፍ አንዱ ሥዕል ከሌላው እየተያያዘ ይዘልቃል። ከሁሉም ይልቅ ዘወትር የሚያቆመኝ ግን በከለርተን ጎዳና ማዕዘን ላይ ያለው የሠዓሊው የሄክቶር ዱዋርቴ ቤት ነው። ዱዋርቴ የራሱን ቤት በ2005 ከዳር እስከ ዳር ሥሎበታል፤ ከተረቱ የምናውቀው ግዙፉ ጉሊቨር በእሾሃማ ሽቦ ተጠፍሮ በቤቱ ዙሪያ ተንጋልሎ ለመላቀቅ ሲታገል ይታያል። ግዙፉ ሰው ድንበር ያቋረጠው ስደተኛ ነው። ለእኔ የሥዕሉ ብርታት ያለው በመጠኑ ላይ ነው፤ ስደተኛ ሁልጊዜ ትንሽ ተደርጎ ይሣላል፣ ዱዋርቴ ግን አንድ ቤት የማይበቃው አድርጎ ሣለው።

ከዚያ ቤት ጥቂት እንደተራመዱ ሃሪሰን ፓርክ ይደረሳል፤ ብሔራዊ የሜክሲኮ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሚገኘው በዚህ መናፈሻ ውስጥ ነው። በ1982 ካርሎስ ቶርቶሌሮ የተባለ መምህር ከጥቂት የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ 900 ዶላር ብቻ ይዞ ድርጅቱን መሠረተ። አምስት ዓመት ያህል ግድግዳና ጣሪያ የሌለው ሙዚየም ሆኖ በየቦታው ዝግጅት ሲያቀርብ ቆይቶ፣ በ1987 ቀድሞ የጀልባ መሥሪያ የነበረውን የመናፈሻውን ሕንፃ አግኝቶ በሩን ከፈተ፤ በ2001 ሕንፃው ሰፋ፣ በ2006 ደግሞ የአሁኑን ስሙን ያዘ። ስብስቡ ከጥንቱ የሜክሲኮ ሥልጣኔ እስከ ዛሬው ወጣት ሠዓሊ የሚደርስ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሥራ ነው። በሩ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ግን መግቢያ ተከፍሎበት አያውቅም።

መግቢያው ነጻ መሆኑ ትንሽ ነገር ይመስላል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደ ደግነት ብቻ ነበር የማየው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግን አንድ አባት የሥራ ጫማውን እንዳደረገ፣ ሦስት ልጆቹን አስከትሎ ሲገባ አየሁ፤ አንድ ሥዕል ፊት ቆሞ ለልጆቹ በስፓኒሽ አንድ ነገር አስረዳቸው፣ ልጆቹ ጥያቄ ጠየቁት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይተው ወጡ። ሃያ ደቂቃ ብቻ! ትኬት የገዛ ሰው ገንዘቡ እንዳይባክን ሲል ሙዚየሙን ሙሉ ቀን ይዞራል፤ ነጻ ሲሆን ግን እንደ ጎረቤት ቤት ጎራ ብሎ ይወጣል። መምህራን የመሠረቱት ቤት መሆኑ እዚህ ላይ ይታወቃል፤ የአንድ ልጅ ትምህርት ተመላልሶ በማየት እንደሚገኝ ከመምህር የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ጓደኛዬ ያን ቅዳሜ የወሰደችኝ ወደዚህ ሙዚየም ነበር። ሙዚየሙ ከተከፈተበት ዓመት ጀምሮ በየመጸው የሙታን ቀንን የሚመለከት ዐውደ ርእይ ያዘጋጃል። በዓሉ ራሱ ኖቬምበር 1 እና 2 የሚውል ሲሆን፣ ዩኔስኮ በ2008 በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሜክሲካውያን በእነዚህ ቀናት ሙታኖቻቸው ለጥቂት ጊዜ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብለው ስለሚያምኑ ኦፍሬንዳ የሚባል የመታሰቢያ ገበታ ይዘረጉላቸዋል። በገበታው ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ፣ ሻማ፣ ከመንገድ ለደከመው ነፍስ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ ጨው፣ በሕይወት ሳለ ይወደው የነበረ ምግብ፣ የሙታን ዳቦ የሚሉት ጣፋጭ ዳቦና የተፈለፈለ ባለ ቀለም ስስ ወረቀት ይቀመጣሉ። ሴምፓሱቺል የሚባለው ብርቱካናማ አበባ ቅጠሉ ከበሩ ጀምሮ ይረጫል፤ ቀለሙና ሽታው ነፍሲቱን መንገድ ይመራታል ይባላል። ኮፓል የሚባለው ዕጣንም ይጤሳል።

ዕጣኑ ሲሸተኝ ቆምሁ። ተዝካር ያየ ሰው፣ ሙት ዓመት የደገሰ ቤተሰብ ልጅ፣ ሙታንን ማስታወስ ምግብና ዕጣን የሚፈልግ ሥራ መሆኑን ማንም አያስተምረውም። ልዩነቱ ግን ቶሎ ገባኝ፤ እኛ ስለ ሟቹ ነፍስ እንጸልያለን፣ ድሃ እናበላለን፤ እነርሱ ሟቹን ራሱን እንግዳ አድርገው ይቀበሉታል። ከገበታዎቹ አንዱ አጠገብ የቆሙ አንዲት አሮጊት ፎቶግራፉን ትኩር ብዬ ሳይ አይተውኝ፣ በጓደኛዬ አስተርጓሚነት «ባለቤቴ ነው፣ ልጄ፤ ቡናውን ያለ ስኳር ነበር የሚወደው» አሉኝ። በገበታው ላይ እውነትም አንድ ሲኒ ጥቁር ቡና ነበር። ሰው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ቡናውን እንዴት እንደሚወድ የሚታወስበት በዓል ትልቅ በዓል ነው።

ሙዚየሙ በ2020 ያዘጋጀው ዐውደ ርእይ በኮሮና ለሞቱት መታሰቢያ ነበር፤ በዚያ ወረርሽኝ ቤት ተቀምጠው ሊሠሩ ያልቻሉት የሥጋ ፋብሪካና የወጥ ቤት ሠራተኞች፣ የጽዳትና የመጓጓዣ ሰዎች ብዙዎቹ ላቲኖዎች ስለነበሩ ኀዘኑ በሰፈሩ ላይ ከባድ ነበር። በበዓሉ ሰሞን በሃሪሰን ፓርክ ቤተሰቦች በሜዳው ላይ የየራሳቸውን ገበታ ይዘረጋሉ፤ ሲመሽም ቤተሰቦች የላኳቸው የሙታን ፎቶግራፎች በሙዚየሙ ሕንፃ ግድግዳ ላይ በብርሃን ይታያሉ። ፊቱን አጥንት አስመስሎ የተቀባ ሕፃን አያቱን ግድግዳው ላይ በትልቁ ሲያይ «እዚያ ነች! እዚያ ነች!» እያለ ሲጮኽ ሰምቼአለሁ።

የስቅለት ዕለት የሚደረገው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ፍጹም ሌላ መልክ አለው። በ1976 የገና ሰሞን በፒልሰን አንድ መኖሪያ ቤት በእሳት ተያያዘና ብዙዎቹ ሕፃናት የሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ ውስጥ የቀሩ ልጆች እንዳሉ ቤተሰቦች በስፓኒሽ እየጮኹ ቢናገሩም እሳት አጥፊዎቹ ቋንቋውን አልሰሙም ነበር። በ1977 የሰፈሩ ምእመናን ስቅለትን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብቻ ከማክበር ይልቅ ኀዘናቸውን ይዘው ወደ አደባባይ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የክርስቶስ የመከራ መንገድ በ18ኛው ጎዳና ላይ በሰፈሩ ነዋሪዎች በሕያው ትርኢት ይቀርባል። የሮማ ወታደሮች አልባሳት የለበሱ ጎልማሶች፣ የሚያለቅሱ የኢየሩሳሌም ሴቶች፣ ከባዱን መስቀል ተሸክሞ በአስፋልቱ ላይ የሚወድቅ ወጣት፣ ከኋላም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እየዘመረ ይከተላል። ተዋንያኑ ለወራት ይዘጋጃሉ፤ አብዛኞቹ በሳምንቱ ቀን የግንባታ ወይም የምግብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። የቺካጎ ኤፕሪል ብርድ አንዳንዴ በረዶ ይጨምርበታል፣ ባዶ እግሩን የሚሄደው ወጣት ግን ጫማ አያደርግም። ይህን ትርኢት ጥበብ ነው ወይስ ጸሎት ነው ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። እኔ የማውቀው፣ ሰልፉ ቆም ባለበት በየምዕራፉ ስለ ቤት ኪራይ፣ በተኩስ ስለሞቱ ወጣቶችና ከአገር ስለተባረሩ አባቶች ጭምር እንደሚጸለይ ነው።

ፊየስታ ዴል ሶል፣ ማለትም የፀሐይ በዓል፣ በጁላይ መጨረሻ ሙቀት በሰርማክ ጎዳና ላይ ለአራት ቀናት ይከበራል። መድረክ አለ፣ የሚሽከረከር የልጆች መጫወቻ አለ፣ የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ከሩቅ ይጠራል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲጀመር ግን የድል ድግስ ነበር። በዚያን ጊዜ ፒልሰን የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስላልነበረው ልጆቹ ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዱ ነበር፤ እናቶችና ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው፣ ተከራክረው፣ ከተማው ትምህርት ቤት እንዲሠራ አስገደዱት። ቤኒቶ ሁዋሬዝ የተባለው ትምህርት ቤት በ1977 ተከፈተ፤ ንድፉን ያወጣው በሜክሲኮ ከተማ ያለውን ዝነኛውን የአንትሮፖሎጂ ሙዚየም የነደፈው ፔድሮ ራሚሬዝ ቫስኬዝ ነው። በዓሉን እስከ ዛሬ የሚያዘጋጀው ያን ትግል ያደራጀው የፒልሰን ጎረቤቶች ማኅበር ሲሆን፣ በድንኳኖቹ መካከል ስለ ጤና፣ ስለ ኮሌጅና ስለ ስደተኞች መብት የሚያማክሩ ሰዎች የሚቀመጡትም ለዚህ ነው። ሙዚቃውን ሰምቶ ብቻ የሚሄድ እንግዳ እነዚያን ጠረጴዛዎች ዘልሎ ያልፋቸዋል፤ እኔ ግን የበዓሉ ልብ እዚያ ነው እላለሁ።

ፒልሰን የቺካጎ ላቲኖዎች ሁሉ ሰፈር አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ሃምቦልት ፓርክ በካሪቢያን ባሕር ያለችው ደሴት የፖርቶ ሪኮ ልጆች ሰፈር ነው፤ በ1966 ጁን ላይ በፖርቶ ሪኮዎች የሰልፍ በዓል ሰሞን ፖሊስ አንድ ወጣት በጥይት በመምታቱ ሕዝቡ ለቀናት በተቆጣበት በዚያው ዲቪዥን ጎዳና ላይ፣ በ1995 ከብረት የተሠሩ ሁለት ግዙፍ የፖርቶ ሪኮ ባንዲራዎች ጎዳናውን ተሻግረው እንደ በር ተተከሉ። ቁመታቸው 18 ሜትር ያህል ነው። በመናፈሻው ውስጥ የቀድሞው የፈረስ ጋጣ ዛሬ የፖርቶ ሪኮ ጥበብና ባህል ሙዚየም ነው። በ1985 የተጀመረው የላቲኖ ፊልም ፌስቲቫልም በመጀመሪያው ዓመት 14 ፊልሞችን ለ500 ያህል ተመልካቾች ያሳየው በኮንክሪት ግድግዳ ላይ ነበር። ይህን ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ እዚህ ከተማ የላቲኖ ጥበብ ያለ ግድግዳ አይጀምርም ማለት ነው።

ግድግዳ ግን ባለቤት አለው። ካሳ አስትላን የሚባለው የማኅበረሰብ ማዕከል በራሲን ጎዳና ላይ ቀድሞ ለቼክ ስደተኞች በተሠራ ሕንፃ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ ለሜክሲካውያን እንግሊዝኛ ያስተምር፣ ሕክምና ይሰጥና ልጆችን ይሰበስብ ነበር፤ ሠዓሊው ሬይ ፓትላንም የሕንፃውን ፊት በሜክሲካውያን ታሪክ ሥዕል አስውቦት ነበር። ማዕከሉ በ2013 ተዘጋ፤ ሕንፃው ተሽጦ የኪራይ ቤት እንዲሆን ታስቦ ሲታደስ፣ በ2017 ሥዕሎቹ በአንድ ወጥ ቀለም ተለቅልቀው ጠፉ። ሰፈሩ ተቆጣ፣ ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሽማግሌው ፓትላን ተመልሶ መጥቶ በዚያው ግድግዳ ላይ አዲስ ሥዕል ሣለ። በእርግጥ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ግድግዳው ሲመለስ ከግድግዳው በስተጀርባ የነበረው የማስተማሪያ ክፍል አልተመለሰም፤ እንግሊዝኛ ይማሩበት የነበረው ቦታ የሰው ሳሎን ሆኗል። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ከ10 ሺህ በላይ ላቲኖዎች ፒልሰንን ለቅቀዋል፤ ኪራይና የቤት ግብር ሲጨምር ወደ ሲሴሮ፣ ወደ በርዊንና ከዚያም ራቅ ወዳሉ ከተሞች ሄዱ። ሥዕሎቹ ሰፈሩን አሳምረው ዋጋውን ከፍ አድርገውት፣ የተሣሉላቸው ሰዎች ዋጋውን መቋቋም አቃታቸው። ስለዚህ የባህል በጀትን ከቤት ኪራይ ለይቶ የሚያቅድ ሹም በዓሉን ይደግፋል እንጂ የበዓሉን ባለቤቶች አይደግፍም ብዬ አምናለሁ፤ ለከተማው ስብሰባ አስተያየት ስጡ ስንባልም ይህንኑ ጽፌአለሁ።

ጓደኛዬም ከቤተሰቧ ጋር ወደ በርዊን ከተዛወረች አራት ዓመት ሆናት። ባለፈው ስቅለት ሳትነጋ ደውላ «መኪና ማቆሚያ ሳይሞላ እንድረስ» አለችኝና አብረን ሄድን። በጎዳናው ግራና ቀኝ የቆሙት መኪናዎች ብዙዎቹ እንደ እርሷ ከሌላ ከተማ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እናቶች ከኋላ መቀመጫ የተኙ ልጆችን እየቀሰቀሱ፣ አያቶችን ደግፈው እያወረዱ፣ በብርድ ልብስ እየጠቀለሉ ወደ 18ኛው ጎዳና ያመሩ ነበር። እርሷ ያደገችበት ቤት ፊት ስንደርስ ቆም አለች። መስኮቱ ላይ የማናውቀው ሰው መጋረጃውን ከፍቶ ሰልፉን ይመለከት ነበር። እጇን አነሣችለት፣ እርሱም አነሣላት፤ መስቀሉን የተሸከመው ወጣት ሲደርስ ከሕዝቡ ጋር ተቀላቅለን መከተል ጀመርን።